የጋቢናው ወንበርና የእቁባችን ብር

ኢምባካሲ ውስጥ ነጭ ፕሮቦክስ የሚነዳ ሰው ብዙ ነው፤ የእኛዋን የምታውቋት ግን በርበሬ በርበሬ በመሽተቷ ነው። እኛ ባልና ሚስት ነን። ከሞያሌ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ጀበናና የሀገር ልብስ እያመጣን ናይሮቢ ላሉ ቤቶችና ምግብ ቤቶች እናደርሳለን። አንዳችን እንነዳለን፣ አንዳችን ሒሳብ እንይዛለን፤ ስም ከምንጠራ ነጂውና ሒሳብ ያዧ ብንል ይሻላል። መኪናዋ በፈረንጅ አቆጣጠር የ2004 ስሪት ናት። ኬንያ ከ8 ዓመት በላይ የሆነ መኪና ስለማታስገባ፣ ድንበር ስታቋርጥ ገና ደህና ነበረች። እኛ ሦስተኛ ባለቤቶቿ ነን። ሞተሯ ጤነኛ ነው። የታመመው የጋቢናው ወንበር ነበር።

ከናይሮቢ ሞያሌ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከኢሲዮሎ ወዲያ ያለው 500 ኪሎ ሜትር አስፋልት ሳይሆን በፊት የነገዱ ታላላቆቻችን፣ በጭነት መኪና ላይ አቧራ እየቃሙ ቀናት እንደፈጀባቸው ሲያወሩ እንሰማለን። እኛ በአስፋልት እየሄድን ስለ ወንበር ስናማርር ይስቁብናል፤ ቢስቁም አይፈረድባቸውም። ግን ሰውን የሚጎዳው ጉድጓድ ብቻ አይደለም። ከማርሳቢት ወዲያ በዲዳ ገልገሉ ሜዳ መንገዱ ቀጥ ብሎ ይዘረጋል፤ ካምቢዮ መቀየር የለ፣ መታጠፍ የለ። እግር ነዳጅ መስጫው ላይ እንደተጫነ፣ ወገብም በሰመጠው ስፖንጅ ውስጥ እንደተጎበጠ ሰዓታት ያልፋሉ።

ባለፈው ዓመት ቱርቢ ልንደርስ ስንል ፍየሎች መንገድ ገቡ። ሒሳብ ያዧ ጮኸች። ነጂው ፍሬን ያዘ፤ ግን ዘግይቶ ያዘ። መኪናዋ የቆመችው ከመጨረሻዋ ግልገል አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው። እረኛው ልጅ ምንም አልተናገረም፤ አየንና ፍየሎቹን ነዳ። እኛ ዳር ይዘን ቆምን። ያኔ ነው ነጂው ያወጣው፦ ቀኝ እግሩ ከአራት ወር ጀምሮ ይደነዝዛል። ፍሬን ላይ መሆኑን የሚያውቀው በዓይኑ አይቶ እንጂ ተሰምቶት አይደለም።

ለምን እንደደበቀ ከናይሮቢ ነጋዴ የማይገባው የለም። የእቁብ ዕጣችን ከፋሲካ በፊት ሊወጣ ነበር፤ ብሩም ቀድሞ ሥራ ተሰጥቶታል፣ ለበዓል የሚሸጥ ነጠላና ቀሚስ። ወንበር ማሠራት ከዚያ ላይ መቁረጥ ነው። ማታ ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ በዚህ ተጨቃጨቅን። ነጂው «ትራስ አድርጌ እነዳለሁ» አለ። ሒሳብ ያዧ «ትራሱ ፍሬን ይይዝልሃል ወይ?» አለችው። ክርክሩ እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት፤ አላለቀም፤ ሦስት ቀን ፈጀ።

ክሊኒክ ሄድን። ያየችው ሐኪም ስለ ወንበሩ ብዙ ጠየቀች። መቀመጫው ከኋላ ሲሰምጥ ዳሌ ወደ ኋላ ይንጋለላል፣ የወገብ ተፈጥሯዊ ጉብጠት ይጠፋል፤ የፊተኛው ጠርዝ ደግሞ ከፍ ብሎ ስለሚቀር ጭኑን ከሥር ይጫነዋል አለች። የኋላ ኪሱን አይታ ቦርሳውን አስወጣችው። ባለ ደረሰኝና ባለ ድሮ ሺሊንግ፣ የጡብ ያህል ቦርሳ! በአንድ ወገን ከፍ ብሎ ሲቀመጥ መኖሩን አላስተዋልንም ነበር። እስከ ሁለት ሰዓት ነድተህ ውረድና ተራመድ፣ ድንዛዜው ካልለቀቀህ ተመለስ አለችው።

መጀመሪያ እንደ ሁሉም ሰው በርካሹ ጀመርን። ከመንገድ ዳር ያለ አንድ ሰፊ የፍራሽ ስፖንጅ ቆርጦ በአሮጌው ላይ ደረበልንና ላስቲክ ለበስ ጨርቅ አለበሰው። ሱቁ በር ላይ ስንቀመጥበት እንደ ሶፋ ነበር። ከቤት ሳንርቅ ግን ነጂው ጉልበቱ መሪው ላይ ሲነካ፣ ራሱም ለጣሪያው ሲቀርብ አወቀ። ኢሲዮሎ ስንደርስ ላስቲኩ በሙቀት ጀርባውን አጥቦታል። በሁለተኛው ጉዞ ስፖንጁ ጠፍጥፎ እንደ ቂጣ ሆነ። የከፈልነው 4,500 ሺሊንግ እዚያ ቀረ። የፍራሽ ስፖንጅ ለሚተኛ ሰው ነው፤ ክብደቱ ተበትኖ ያርፍበታል። ወንበር ላይ ግን ያ ሁሉ ክብደት በሁለት መዳፍ ስፋት ላይ ነው የሚወርደው።

አዲስ አበባ ያለው ወንድማችን ይህን ሲሰማ «ከሶማሌ ተራ አሪፍ ወንበር ገዝቼ ልላክላችሁ» አለ። ልቡ ይባረክ። ግን ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1964 ወደ ቀኝ መንዳት ስትዞር ኬንያ በግራ ቀርታለች። እዚያ የሾፌር ወንበር የግራው ነው፣ እዚህ የቀኙ። የማጋደያው እጀታ በበሩ በኩል ነው፣ የቀበቶው መሰኪያ በመሃል በኩል። የዚያን አገር ሾፌር ወንበር እዚህ ብታስገቡት እጀታው ከካምቢዮው ጋር ይጋጫል፣ ቀበቶውም በበሩ በኩል ይቀራል። ሞያሌ ድንበር ላይ የሁለቱም አገር ሠራተኞች በአንድ ጣቢያ ያስተናግዱናል፤ የመኪና ወንበር ግን ገና አልተስማማም።

ስለዚህ ወደ ኪሪንያጋ መንገድ ወረድን። አሮጌዎቹ ነጋዴዎች ዛሬም ግሮጋን ይሉታል፤ በ1900 ገደማ ከኬፕ እስከ ካይሮ በእግሩ አቋረጠ በሚባለው እንግሊዛዊ ስም ነው የተጠራው። ሰውየው ወንበር አላስቸገረውም ማለት ነው። እዚያ ከጃፓን የመጣ ያገለገለ የፕሮቦክስ ወንበር ጥንዱን 18,000 ሺሊንግ ጠሩብን። ሒሳብ ያዧ ቁጭ ብላ ስታየው ስፖንጁ ከእኛው ብዙም አይሻልም፤ ዕድሜው እኩያው ነው። የማያውቁትን ሰው ጀርባ ቅርፅ ለምን እንግዛ ብለን ተመለስን።

በመጨረሻ ያገኘነው ፉንዲ እዚሁ ኢምባካሲ በቆርቆሮ ጥላ ሥር የሚሠራ ምዜ ነው። መጀመሪያ ያደረገው ባትሪውን ማላቀቅ ነበር፤ ቀጥሎ አራቱን ቡሎን ፈትቶ ወንበሩን አወጣ። ልብሱን የያዙትን ትናንሽ የሽቦ ቀለበቶች አንድ በአንድ ቆረጠ። ስፖንጁን ሲያነሳው በሽታው ታየ፦ ከሥር ከተዘረጉት የተጣመሙ የሽቦ ሞላዎች ሁለቱ በበሩ በኩል ተሰብረዋል። ሾፌር ሲገባና ሲወርድ ሁልጊዜ በዚያ ጠርዝ ላይ ስለሚያርፍ ቀድሞ የሚሞተው እሱ ነው አለን። የተሰበረው ሽቦም ስፖንጁን ከታች እንደ መጋዝ በልቶታል። ያ የመጀመሪያው ሰፊ ይህን አላየም፤ ላዩን ነው የሸፈነው።

ምዜው ሞላዎቹን ቀየረ። አንድ ነገር ግን አስጠነቀቀን። የቀበቶው መሰኪያ በወንበሩ ብረት ላይ ነው የታሰረው፣ ወንበሩ ደግሞ በሐዲዱ ላይ። «ሐዲዱ ወይም ዋናው ብረት ተሰንጥቆ ቢሆን አልበይድላችሁም፣ ሌላ ወንበር ግዙ ነበር የምለው» አለ። ሥራ እንዳያመልጠው ብሎ ዝም ባለማለቱ ያኔውኑ አመንነው። ከሞላው በላይ ሽቦ እንዳይበላው ወፍራም ጆንያ አነጠፈ፤ ከዚያ ጠንካራ ስፖንጅ፣ ላዩን ስስና ለስላሳ ንጣፍ። የፊቱን ጠርዝ ወደ ታች አሸሸው፣ ወገብ ላይ ትንሽ ሞላበት። ከፍታውን በአሮጌው ፋብሪካ ስፌት ለካው እንጂ አልጨመረም። ልብሱን መሃሉን ጨርቅ፣ ጎንና ጎኑን ላስቲክ አደረግነው፤ በርበሬ የሚጭን ሰው የሚጠረግ ነገር ይፈልጋል።

አዲስ መኪና ላላችሁ አንድ ነገር እንጨምር። የወንበሩ ጎን ላይ የኤርባግ ምልክት ካለ፣ ወይም ከሥሩ ቢጫ ሶኬት ካያችሁ፣ ተራ ሰፊ እንዲነካው አትፍቀዱ። ያ ስፌት በአደጋ ጊዜ እንዲቀደድ ተብሎ የተሰፋ ነው፤ በጠንካራ ክር ከተዘጋ ኤርባጉ መውጫ ያጣል።

የሾፌሩ ወንበር ሲያልቅ ነጂው ሃያ ደቂቃ ሙሉ ተቀመጠበት። ምዜው አልቸኮለም፤ ሻይ አስመጣ። ነጂው ተነሥቶ ሒሳብ ሊከፍል ሲል ምዜው በጎን ያለውን ወንበር እየጠቆመ «የእማማስ?» አለ። ሒሳብ ያዧ «የእኔ ደህና ነው፣ ብሩ ለነጠላ ይቆይ» አለች። ምዜው መልስ ሳይሰጥ ሄዶ ከወንበሯ ላይ የታጠፈውን ጋቢ አነሣ። ከሥሩ አንድ ሞላ ወጥቶ ልብሱን ቀዶታል። ሁለት ዓመት ሙሉ ጋቢ አራት አጥፋ እየተቀመጠችበት ነበር፤ ነጂው ለብርድ የያዘችው ይመስለው ነበር። ስለ ድብቅ ድንዛዜ ሦስት ቀን የተከራከረችው እሷ ናት እንግዲህ።

ሁለቱንም አሠራን። 13,000 ሺሊንግ ከእቁቡ ወጣ። ለፋሲካ ያመጣነው ቀሚስ ከታሰበው ያነሰ ነበር፤ ከበዓሉ አራት ቀን ቀድሞ አለቀብንና ሁለት ደንበኞች ወደ ሌላ ሄዱ። አንዷ እስካሁን አልተመለሰችም። የነጂው እግር ሙሉ በሙሉ አልዳነም፤ ማርሳቢት ላይ ወርደን ስንራመድ ግን መሬቱ ይሰማዋል። ሁለት ሰዓት ሲሞላ አቁም የምትለው ሒሳብ ያዧ ናት፤ ስልኳ ላይ ደወል ሞልታለች። ጋቢው ታጥቦ አልጋ ላይ ተመልሷል፤ በርበሬው ግን ከላዩ አልለቀቀም።