«ፍሬን በጠሰ» ሲባል

አንድ አነጋገር ከተለመደ በኋላ ትርጉሙን የሚመረምረው ሰው ጥቂት ነው። «መኪናው ፍሬን በጠሰ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከእነዚህ አንዱ ነው። በመናኸሪያ፥ በገበያ፥ በለቅሶ ቤትም ሳይቀር ስትሰሙት ኖራችኋል። እስቲ በሰዋስው ትምህርታችሁ መሠረት ክፍሎቹን ለዩ። ባለቤቱ «መኪናው» ነው፤ ተሳቢው «ፍሬን»፥ ማሰሪያ አንቀጹም «በጠሰ» ነው። ታዲያ ሾፌሩ፥ መካኒኩና የመኪናው ጌታ የት ገቡ? በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ስፍራ የላቸውም። ፍሬኑም እንደ ገመድ በአንድ ቅጽበት የተበጠሰ ይመስላል።

የአርሲ ደጋ ኗሪ እንደ መሆኔ መጠን ይህ አነጋገር ያሳስበኛል። ከበቆጂ ተነሥቶ በሳጉሬ በኩል አሰላ የሚደርሰው፥ ከዚያም ኢተያንና ዴራን አልፎ፥ አዋሽን ተሻግሮ አዳማ የሚገባው መንገድ ስንዴና ገብስ የጫኑ መኪናዎች፥ መንገደኛ የሞሉ ሚኒባሶችም የማይታጡበት መንገድ ነው። በቆጂ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ፥ አሰላም 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። እንግዲህ ከበቆጂ አዳማ የሚሄድ መኪና በጠቅላላው ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል ማለት ነው።

በፊዚክስ የተማራችሁትን አስታውሱ። ከነጭነቱ 5 ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ 50 ሚሊዮን ጁል ያህል ጉልበት ይለቃል። ይህ ጉልበት 150 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ከወረደ ሞተሩ ከዚህ ሸክም ብዙውን ይጋራዋል፤ ነፋሱና መንገዱም የየድርሻቸውን ይወስዳሉ። ማርሹን ፈትቶ በፍሬን ብቻ የሚወርድ ግን ሙቀቱን በፍሬን ሸራው ላይ ይከምረዋል።

ትልልቆቹ የጭነት መኪናዎች በታመቀ አየር የሚሠራ ፍሬን አላቸው። ሚኒባሶች፥ የቤት መኪናዎችና አነስተኛ የጭነት መኪናዎች ግን የሚቆሙት በፈሳሽ አማካይነት ነው። ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል በ17ኛው መቶ ዓመት እንዳስረዳው፥ በዝግ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ የተደረገ ግፊት ሳይቀነስ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይተላለፋል። የሾፌሩ እግር ፔዳሉን ሲረግጥ ፈሳሹ ግፊቱን በቀጭን ቱቦ ወደ አራቱም ጎማዎች ያደርሳል። በዚህ ሕግ በአራቱም ጎማ የሚሠራ ፍሬን የተገጠመለት ዱሰንበርግ የተባለ የአሜሪካ መኪና ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1921 ነበር።

ይህ ፈሳሽ ግን አንድ ጠባይ አለው፤ እርጥበት ይስባል። በማጠራቀሚያው ክዳንና በጎማ ቱቦዎቹ በኩል የሚገባውን እርጥበት በየወሩ በጥቂት በጥቂቱ ይጠጣል። «ዶት 3» የተባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በማያንስ ሙቀት ነው፤ ከመቶ አራት እጅ ያህል ውሃ ሲገባበት ግን የመፍያው ልክ እስከ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። «ዶት 4» የተባለው ደግሞ ከ230 ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። በደጋ ባቄላ ቶሎ የማይበስለው ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ አሰላ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ከፍታው ለፍሬኑም አይራራለትም።

ፈሳሹ በቁልቁለት ላይ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጠራል። ፈሳሽ ሲጫኑት እሺ ብሎ አይታመቅም፤ እንፋሎት ግን ይታመቃል። ያን ጊዜ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል፤ መኪናው ግን አይቆምም። ከሁሉ የሚያስደንቀው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ፍሬኑ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፤ ፔዳሉም እንደ ቀድሞው ይጠነክራል። የተበጠሰ ነገር ቢፈለግ አይገኝም።

በአንድ ወቅት አሰላ ውስጥ ከአንድ ጋራዥ ተቀምጬ የሰማሁት ክርክር እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። እህል የጫነ ወጣት ሾፌር አረጋዊውን መካኒክ፥ «ጋሼ፥ ዘይቱ መቼ ጎደለና ነው የምለውጠው? ይኸው እስከ ምልክቱ ሙሉ ነው» አላቸው። እሳቸውም፥ «መሙላቱንማ እኔም አያለሁ፥ ልጄ። የሞላው ግን በምንድን ነው?» ብለው መለሱለት። ከዚያም ከመኪናው የቀዱትን በአንድ ጠርሙስ፥ ካልተከፈተ ዕቃ ያወጡትን በሌላ ጠርሙስ አድርገው አሳዩት። አዲሱ እንደ ብርዝ የጠራ ሲሆን አሮጌው እንደ ቡና ጠቁሯል። «ጥቁረቱን ዐይንህ አየው፤ ውሃውን ግን ዐይን አያየውም» አሉት። ሾፌሩ የሚቀርበትን የአንድ ቀን ሥራ በልቡ ሲያሰላ ቆየና ቁልፉን አስረከበ።

እዚህ ላይ «ዘይት» የሚለው ቃልም ያሳስታል። የተለመደው የፍሬን ዘይት በእውነቱ ዘይት አይደለም፤ ከውሃ ጋር የሚዋሐድ ሌላ ፈሳሽ ነው። ስሙን አምኖ የሞተር ዘይት የሚጨምርበት ሰው በጋራዥ ጎሚኒ የሚባሉትን የጎማ ክፍሎች ያሳብጣቸዋል፤ ፍሬኑንም ያበላሻል። ከተከፈተ ብዙ ጊዜ ያለፈውን ዕቃም መጠቀም አይገባም፤ እርጥበቱን በመደርደሪያ ላይ ሆኖ ጠጥቷልና።

አለዋወጡ ረቂቅ ጥበብ ሳይሆን ትዕግሥትን የሚጠይቅ ሥራ ነው። ረዳቱ ፔዳሉን ይረግጣል፤ መካኒኩ በጎማው በኩል ያለችውን ማስተንፈሻ ብሎን ይፈታል፤ አሮጌው ፈሳሽ በቀጭን ቱቦ ወደ ጠርሙስ ይወርዳል። ረዳቱ እግሩን የሚያነሣው ብሎኗ ከተጠበቀች በኋላ ነው፤ አለዚያ አየር ይገባል። በላይ ያለው ማጠራቀሚያ ባዶ ሳይሆን አዲስ እየተጨመረ፥ አረፋ የሌለው ንጹሕ ፈሳሽ እስኪወጣ ድረስ በአራቱም ጎማ ይደገማል። ብዙ አምራቾች ይህ በየሁለት ዓመቱ እንዲደረግ ያዝዛሉ። የአንድ ኩንታል ስንዴ ማጓጓዣ የማያህል ነገር እየተባለ የሚዘገየው ሥራ ይህ ነው።

በእርግጥ አደጋ ሁሉ ከዚህ የሚመጣ አይደለም። ቱቦ የሚፈነዳበት፥ ሸራ የሚያልቅበት ጊዜም አለ። ቢሆንም ቱቦውን መመርመር፥ ሸራውን መለወጥ የሰው ሥራ ነው። ስለዚህ አደጋን የሚመለከት ድርሰት ስትጽፉ «ፍሬን በጠሰ» ብላችሁ አትለፉ። «ዘይቱን ማንም አልለወጠውም፤ በቁልቁለቱ ላይ ፈላ፤ መኪናውም አልቆመም» ብላችሁ መጻፍ ስትችሉ አድራጊው ይታያል፤ አድራጊው ከታየ ደግሞ መታረም ይችላል።

ከእናንተም መካከል ነገ መሪ የሚጨብጥ፥ ጋራዥ የሚከፍት፥ መኪና የሚገዛ አይጠፋም። እስከዚያ ድረስ መንገደኞች ናችሁና ቁልቁለቱን ከመጀመራችሁ በፊት ሾፌሩን በትሕትና፥ «የፍሬኑ ዘይት የተለወጠው መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀኑን የሚነግራችሁ ሾፌር የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት እሱ ራሱ መሆኑን ያወቀ ሰው ነው።