የተባረከ ዕቃ የት ይጣላል?

ቤት ስታጸዱ የተቀደደ የእመቤታችን ሥዕል ወይም የተበጠሰ መቁጠሪያ ብታገኙ ምን ታደርጋላችሁ? እኔ እናቴ ያረፈች ሰሞን ጓዟን ሳስተካክል ያገኘሁትን ያረጀ ሥዕል ከቤት ጥራጊ ጋር ጥዬው ነበር። ጥፋቴን የተረዳሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ጉራጌ አገር ሄጄ ነው።

ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ 150 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዛችሁ ወልቂጤን ታገኛላችሁ። ከከተማው ወጣ ሲባል በየመንደሩ ከቤቶቹ ፊት ለፊት የተዘረጋው ሰፊ የሣር ሜዳ ጀፎረ ይባላል። ሠርጉም ለቅሶውም በዓሉም እዚያው ነው። ማንም ደፍሮ አያርሰውም፤ አያጥረውም። የአገሬው ሰው የተከበረ ነገርን ማክበር የሚማረው ገና ከደጁ ነው ማለት ነው።

የካቶሊክ እምነትም በዚህ አገር የቆየ ነው። ከወልቂጤ በስተደቡብ የምትገኘው እምድብር ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የሀገረ ስብከት መንበር ሆናለች። ሥርዓቱም የግዕዝ ሥርዓት ነው።

በወልቂጤ ያሳደሩኝ እናት ካቶሊክ ናቸው። እሑድ ከቅዳሴ ተመልሰን ቡና እየተቆላ ሳለ የልጅ ልጃቸው መቁጠሪያቸውን ስቦ በጠሰው። አልተቆጡም። ጎንበስ ብለው ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ለቀሙ፤ መስቀሉን ተሳልመው ሁሉንም በንጹሕ ጨርቅ ቋጠሩ። ልጁም አብሮ ለቀመ፤ አብሮ ተሳለመ።

«እማማ፣ ተበጥሷል እኮ» አልኳቸው።

«የሚጠገን ከሆነ ይጠገናል። ካልሆነ ይቃጠልና አመዱ፣ እሳት ያልበላውም ትራፊ፣ እግር በማይረግጠው ቦታ ይቀበራል። የተባረከ ነገር ከቆሻሻ ጋር አይጣልም።»

የእናቴን ሥዕል ነገር ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ቆየት ብለው «ልጄ፣ አላወቅሽም ነበር። እንግዲህ አወቅሽ» አሉኝ።

ይህን ሲሰሙ «ለወረቀትና ለእንጨት ይህን ያህል?» የሚሉ አይጠፉም። እማማ የሚያከብሩት ግን ወረቀቱን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ787 የተደረገው ሁለተኛው የኒቅያ ጉባኤ ለሥዕል የሚሰጥ ክብር ወደ ባለ ሥዕሉ እንደሚያልፍ ወስኗል። የቤተ ክርስቲያኒቱም ሕግ የተባረከ ዕቃ ለተራ አገልግሎት እንዳይውል ያዛል። በላቲን ሥርዓት ደግሞ የሆሳዕና ዘንባባ ተቃጥሎ፣ አመዱ በሚቀጥለው ዓመት የጾም መግቢያ በምእመናን ግንባር ላይ ይደረጋል። የተቀደሰው ነገር ሲያረጅ እንኳ ክብሩ አብሮት አለ።

ስመለስ በቡታጅራ በኩል ነበር። ገበያ ውስጥ አንዲት ሙስሊም እናት ሱቃቸውን ሲጠርጉ አየሁ። ቁርኣኑ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከሸቀጡ ሁሉ በላይ ተቀምጧል። አቧራውን ያራገፉት እጃቸውን ታጥበው ነው። እምነቱ ሌላ ቢሆንም የእጃቸው ጥንቃቄ የእማማን እጅ አስታወሰኝ።

እህቶች፤ በከተማ ኑሯችን ቤቱ ጠባብ፣ ሥራው ብዙ ነው። ቢሆንም መቁጠሪያው ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር እንዳይደባለቅ አንዲት ትንሽ ከረጢት መስፋት አያቅተንም። የጸሎት ሥዕሉንም ልጆች ከሚረግጡት ቦታ ከፍ እናድርግ። የተረፈ ጸበል ወደ ቆሻሻ መውረጃ ከማፍሰስ ተክል ሥር ማፍሰስ ይሻላል። ያረጀውን ምን እንደምናደርገው ግራ ሲገባን ካህን እንጠይቅ።

ልጅ ከምክራችን ይልቅ እጃችንን ያያል። ያ የወልቂጤ ሕፃን ፍሬዎቹን ከመሬት ሲለቅም የተማረውን እኔ የተማርኩት እናቴን ከቀበርኩ በኋላ ነው። እናንተ ግን ልጆቻችሁ አጠገባችሁ ሳሉ አስተምሯቸው።