የትራስ ልብሱን ገልብጡት

እስቲ የእናታችሁን ቁምሳጥን ክፈቱ። ከጋቢው ሥር ተጣጥፎ የተቀመጠ የትራስ ልብስ አይጠፋም። ነጭ አቡጀዲ፣ ዙሪያው ዳንቴል፣ መሐሉ ላይ ሁለት ወፎች፣ ከሥራቸው «መልካም እንቅልፍ» የሚል ጽሑፍ። በእናቶቻችን ዘመን ይህ የሌለበት አልጋ የተነጠፈ አይመስልም ነበር።

ጥለትና ጥልፍ ለየቅል ናቸው። ጥለትን ሸማኔው ከጨርቁ ጋር አብሮ ይሠራዋል፤ ጥልፍ ግን ባለቀ ጨርቅ ላይ በመርፌ ይጨመራል። እናቴ የተማረችው ትምህርት ቤት በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ነው። ንድፉን በካርቦን ወረቀት ጨርቁ ላይ ትገለብጣለች፤ ጨርቁን በክብ እንጨት ትወጥራለች፤ ከዚያ መርፌ ነው። የምትወደው ክር ዲኤምሲ ነበር። ፋብሪካው በ1746 እ.ኤ.አ. በዛሬዋ ፈረንሳይ፣ ሙሉዝ ከተማ የተመሠረተ ነው። የአንዱ ጥቅል ርዝመት 8 ሜትር ሲሆን ክሩ ስድስት ቀጫጭን ዘለላዎች አሉት። እናቴ ለወፏ እግር አንድ ዘለላ፣ ለክንፏ ሦስት እየለየች ትጠልፍ ነበር።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ዋጋ ሳላሰላ አላልፍም። «እማዬ፣ አንዱ ጥንድ ስንት ጊዜ ፈጀብሽ?» አልኳት።

«ማታ ማታ ሦስት ወር።»

የሰዓቱን ጉልበት ብናስብ በማሽን ከተጠለፈው ጋር ገበያ ላይ ሊወዳደር አይችልም። ሙያው ከቤታችን እየወጣ ያለውም ለዚህ ይመስለኛል፤ ጊዜውን የሚከፍልበት ሰው የለም።

ለጎጆ መውጫዋ ካዘጋጀቻቸው ጥንዶች አንዱ አላለቀም። ሠርጉ ደረሰባት፣ ከዚያ እኛ ተወለድን። በአንደኛው ትራስ ወፏ ሙሉ ናት፤ በሁለተኛው የቀረው የካርቦኑ መስመር ብቻ ነው። አሁን ዓይኗ መርፌ አያሰካትም። ስለዚህ እሁድ እሁድ እኔ እሰካለሁ፣ እሷ በጣቷ እየዳሰሰች «ላላ፣ አጥብቂው» ትለኛለች። «የጠላፊ ሙያ የሚታወቀው በጀርባው ነው» ብላ ገልብጣ ትፈትሸኛለች። የእሷ ጀርባ እንደ ፊቱ የጠራ ነው። የእኔው ገና ቋጠሮ በቋጠሮ ነው፤ ክንፉ ግን ተጀምሯል።

እናንተም ካላችሁ አታስቀምጡት፣ ተጠቀሙበት። ሲታጠብ ቀለሙ እንዳይለቅ መጀመሪያ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጥግ ላይ ጫን አድርጋችሁ ሞክሩ። በቀዝቃዛ ውኃና በለስላሳ ሳሙና እጠቡት፤ በረኪና አታስነኩት። ጥላ ላይ አድርቁት። ሲተኮስ የጥልፉ ፊት ወደ ታች፣ ከሥሩ ወፍራም ፎጣ ይሁን፤ አለዚያ ጥልፉ ይደፈጠጣል። የምታስቀምጡት ከሆነ በፌስታል ሳይሆን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሉት።

ከሁሉ በፊት ግን ጠላፊዋ በሕይወት ካለች አጠገቧ ተቀመጡና መርፌውን ስኩላት። ስሟንና የሠራችበትን ዓመት ከጀርባው ጥግ ላይ በክር ጻፉ። ልጆቻችሁ ትራሱን ሲገለብጡ የማን እጅ እንደሆነ ይወቁ።