ከማጉረስ በፊት

በአገራችን ፍቅር ብዙ ጊዜ የሚገለጸው በጉርሻ ነው። እንግዳ ይጎርሳል፤ ሙሽራ ይጎርሳል፤ ሕፃን ደግሞ ከሁሉም በላይ ይጎርሳል። እሑድ ከአምልኮ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ከእቅፍ ወደ እቅፍ የሚዞር ሕፃን፣ እናቱ ዘንድ ሲመለስ በአንድ እጁ ብስኩት፣ በሌላው ከረሜላ ጨብጦ ነው። ይህን ማንም በክፋት አያደርገውም። የእህቴ ልጅ ግን እንዲህ ያለውን ፍቅር ሰውነቱ አይችልም።

አሁን ዓመት ከሁለት ወር ሆኖታል። የላም ወተት፣ የእንቁላልና የኦቾሎኒ አለርጂ አለበት። በስምንት ወሩ ጥቂት የተቀቀለ እንቁላል ቀምሶ ደቂቃዎች እንኳ ሳይቆይ ከንፈሩ አበጠ፤ ሆዱና ደረቱ በቀይ ሽፍታ ተሸፈነ፤ ከዚያም አስመለሰው። ሐኪሙ ነገሩን አብራራልን። ብዙ ሰው «ወተት አይስማማኝም» ሲል ሆዱን እንደሚነፋው መናገሩ ነው። አለርጂ ግን ሌላ ነው፤ የሰውነት የመከላከል ኃይል በምግቡ ውስጥ ያለውን ፕሮቲን እንደ ጠላት ቆጥሮ ይነሣበታል። ስለዚህ «ትንሽ ምን ይለዋል?» አይባልም፤ ትንሹም ሊበቃ ይችላል። ትንፋሹ ካጠረ ወይም ምላሱ ካበጠ ለአፍታም ሳንዘገይ ሆስፒታል እንድናደርሰው አስጠነቀቀን።

እህቴ ወደ ሥራ ስትመለስ እኔ ተመርቄ ሥራ እየፈለግሁ ነበርና ቀን ቀን የምመግበው እኔ ሆንኩ። ያን ጊዜ የወጥ ቤታችንን ምስጢር ተማርኩ። ለካ ንጥር ቅቤም ቢሆን የወተት ፕሮቲን ሊቀርበት ይችላል። ለሕፃናት ገንፎ የሚዘጋጀው ምጥን ውስጥ ብዙ እናቶች ኦቾሎኒ ይጨምራሉ። ኦቾሎኒ የማይችሉ አንዳንድ ሰዎችን ግብጦም ሊያስቸግራቸው ይችላል። ጤፋችንን ወፍጮ ቤት ስንወስድ ከእኛ በፊት ምን እንደተፈጨ እንጠይቃለን፤ ምጥን ከሆነ ሌላ ቀን እንመለሳለን። ወፍጮ ቤት ያለው ልጅ መጀመሪያ ይስቅብን ነበር፤ አሁን ገና ከሩቅ ሲያየን «ዛሬ ንጹሕ ነው፣ ግቡ» ይለናል።

ያልጠበቅነው እርዳታ ደግሞ ከጎረቤት መጣ። ጎረቤታችን እትዬ ኦርቶዶክስ ናቸው። የጾም ምግብ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ስለሌለበት፣ በጾም ቀን የእሳቸው ድስት ለእኛ ልጅ ከብዙ የአማኝ ቤት ድስት የተሻለ ሆነ። እኛ ጴንጤዎቹ ረቡዕና ዓርብን በጉጉት መጠበቅ ጀመርን ብላችሁ ታምናላችሁ? ለእሱ በርበሬ ከመግባቱ በፊት ትንሽ ምስር ቀንሰው ያስቀምጡለታል። የጾም ምግብም ኦቾሎኒ ሊገባበት ስለሚችል መጠየቃችንን ግን አልተውንም። በቀረው ቀን የጤፍ ገንፎ በዘይት፣ ድንችና ካሮት፣ የደቀቀ ሥጋ፣ አቮካዶና ሙዝ ይበላል። እናቱም ሐኪሙ እንደመከራት ጡት ማጥባቷን አላቋረጠችም። በየቀጠሮው ክብደቱ ሲመዘን ሁላችንም ሚዛኑን እናያለን።

ከምግቡ ይልቅ የከበደን ሌላ ነገር ነበር። በቤት ኅብረታችን ከተጸለየለት በኋላ አንዲት የምናከብራቸው እናት እህቴን «ልጄ፣ ጸልየናል እኮ! አሁን በእምነት አብዪው» አሏት። ክፍሉ ጸጥ አለ። እምቢ ማለት የእምነት ማነስ ሊመስል ነው። እህቴ ግን በትሕትና «እማማ፣ ጸሎትዎን በጣም እፈልገዋለሁ፤ እንቁላሉን ግን ሐኪም ፊት ነው የምሰጠው» ብላ መለሰች።

ይህ መልስ ብዙ ቀን አብሮኝ ቆየ። ጌታችን ከቤተ መቅደሱ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር በተፈተነ ጊዜ የእግዚአብሔርን ጥበቃ አልተጠራጠረም፤ ሆኖም አልዘለለም። በአባቱ ለመታመኑ መዝለል አላስፈለገውም። እኛስ የራሳችንን እምነት ለማስመስከር የሕፃን አፍ ለምን ያስፈልገናል? ደግሞም አደጋው የሚደርሰው በእኛ ላይ ሳይሆን፣ ገና መናገር ባልቻለው በእሱ ላይ ነው።

ተስፋ አልቆረጥንም። የወተትና የእንቁላል አለርጂ ካለባቸው ሕፃናት ብዙዎቹ እያደጉ ሲሄዱ እንደሚተዋቸው ሐኪሙ ነግሮናል፤ የኦቾሎኒው ግን ብዙ ጊዜ ይቆያል። ጊዜው ሲደርስ በሆስፒታል፣ ሐኪም እያየው በጥቂቱ ይሞከርለታል። ስለ ፈውሱ እንጸልያለን፤ መፈወሱንም እዚያው እናያለን። እማማ እስከ ዛሬ በዚህ ከእኛ ጋር አይስማሙም። ሆኖም ባለፈው እሑድ ከቦርሳቸው ያልተላጠ ሙዝ አውጥተው፣ «ይህንን ይችላል?» ብለው ጠየቁ። እህቴ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

በሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን የምታገለግሉ ወጣቶች፣ እባካችሁ ከማጉረሳችሁ በፊት ወላጅን ጠይቁ። ብስኩት ስታድሉ ማሸጊያውን አንብቡ። ኦቾሎኒ የበላ እጅ ሕፃን ከማቀፉ በፊት ይታጠብ። ሐዋርያው ጳውሎስ ስለ ወንድሙ ሕሊና ሥጋ መብላትን ለመተው ከፈቀደ፣ እኛ ስለ አንድ ሕፃን ትንፋሽ አንድ ጥያቄ መጠየቅ አይከብደንም።

እኔም በየምሳው ገንፎውን አብርጄ አጭር የምስጋና ጸሎት እጸልያለሁ። ቃሉ ገና አይገባውም። «አሜን» ስል ግን አፉን ይከፍታል።