ከአሰላ ደጋ የተሰማ ጊታር

ከአዳማ ተነሥቶ በኢተያ በኩል ወደ አሰላ የሚወጣ መንገደኛ፣ የጭላሎን ተራራ ፊት ለፊቱ፣ የስንዴና የገብሱን እርሻ በግራ በቀኙ እያየ ወደ ብርዱ አገር ይገባል።

አሰላ ከአንዲት ሻይ ቤት የዓሊ ቢራ ጊታር ተሰማን። አጠገባችን የነበሩ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «ይህን ድምፅ በወጣትነታችን በር ዘግተን ነበር የምናዳምጠው» አሉን። ዓሊ ቢራ በልጅነቱ የገባበት፣ በ1950ዎቹ ዓ.ም. በድሬዳዋ የተቋቋመው አፍረን ቀሎ፣ በኦሮምኛ ይዘፍን የነበረ ቡድን ሲሆን በጊዜው መንግሥት ታግዷል። በሰሐራ በረሃ ያሉ ቱዋሬጎችም የስደታቸውን ብሶት በጊታር ተናግረዋል።

ዓሊ ቢራ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. በአዳማ ዐረፈ። የሽማግሌው የልጅ ልጅ ግን በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ ያንኑ ዜማ አብራ ታዜም ነበር።