ስንት ሰው ይመጣል?

በ2007 ዓ.ም. የመስቀል ሰሞን ታላቅ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደወለና ‹‹ሠርጌን ጫካ ውስጥ አዘጋጂልኝ›› አለኝ። የቀለደ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ ግን የምሩን ነበር። ቅዳሜና እሑድን ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ድንኳን ተተክሎ፣ ማታ እሳት እየተሞቀ። ሙሽሪትም ተስማምታለች፤ ቤተሰቦቿም የራሳቸውን ድግስ ለመልስ አቆይተውታል። እኔ ያን ጊዜ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ይዤ ጎንደር ከተማ ሥራ ፍለጋ ስንከራተት ስለነበር፣ ‹‹እሷ ምን ሥራ አላት›› ተባለና ሸክሙ በእኔ ትከሻ ላይ ወደቀ።

‹‹ጫካ›› ያለው የስሜን ተራሮችን ነው። የሆነ ፎቶግራፍ አይቷል፤ ከገደል አፋፍ ላይ የተተከለ ድንኳን፣ ከኋላው ጭጋግ። ስለዚህ በጥቅምት ወር ከጎንደር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ተጉዤ ደባርቅ ገባሁ። ፓርኩ ውስጥ ለማደር እዚያ ካለው ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ፣ ከፍሎ፣ ጠመንጃ የያዘ ስካውት አስከትሎ መሄድ ግድ ነው። ቅርብ የሚባለው ማደሪያ ሳንቃበር ሲሆን ከባሕር ጠለል በላይ 3,250 ሜትር ላይ ይገኛል። እንግዲህ አንባቢዬ ጄኔሬተሩን፣ ድምፅ ማጉያውን፣ ሁለቱን ሰንጋና የጠላውን ጋን እዚያ ላይ አድርጎ ያስበው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ቢመዘገብም በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ዝርዝር ገብቶ ነበር፤ ከዚያ ዝርዝር የወጣው በ2017 ነው። በዚያ ላይ እኛ ሠርግ ልንጨምርበት! አንድ ሽማግሌ ስካውት ሐሳቤን በትዕግሥት ካዳመጡ በኋላ ‹‹ልጄ፣ ጭላዳዎቹ እንጀራ ለምደው ቢቀሩ ማን ሊያስተዋቸው ነው?›› አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከሁሉ በላይ ግን አያቴ ነበሩ። ቆብ ከጫኑ ዘመን የተቆጠረላቸው እማሆይ፣ ከደጃፋቸው እስከ ቤተ ክርስቲያን በሰው ተደግፈው የሚሄዱ፤ የበኩር የልጅ ልጃቸውን ሠርግ ሳያዩ መሞትን የሚፈሩ። ሳንቃበር ማን ያደርሳቸዋል? ይህን ለአባቴ ስነግራቸው ጥቂት ዝም አሉና ‹‹ጫካ ከተፈለገ የእኔ ባሕር ዛፍ ምን ሆነ?›› አሉ።

የእኛ አገር ወገራ ነው፤ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት መካከል፣ ገብስና ባቄላ የሚበቅልበት፣ በጥር ሌሊት ውርጭ የሚወርድበት ደጋ። በዳግማዊ አጼ ምኒልክ ዘመን ለአዲስ አበባ ማገዶ ተብሎ የገባው ባሕር ዛፍ ዛሬ ለደጋ ገበሬ ባንኩ ነው። ውሃ ይመጣል፣ መሬት ያደርቃል ይባላል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን የታመመ ሰው ሐኪም ቤት የሚደርሰው፣ ቤት ቆርቆሮ የሚለብሰው በእሱ ነው። እኔም ራሴ ዲፕሎማዬን ያገኘሁት አባቴ እያስቆረጡ በሸጡት አጠና ነው። የቀረው ዛፍ ለታናሽ ወንድሜ ትምህርት የታሰበ ነበር። ዳስ ደግሞ ባላና ማገር ይበላል። ምን ያህል እንደሚቆረጥ ልጠይቃቸው ፈርቼ ተውሁት።

ቀኑን መቁረጥም ቀላል አልሆነም። ጥምቀት ጥር 11 ሰኞ ይውላል፤ በዚያ ሰሞን ጎንደር ላይ አልጋ ማግኘት ዘበት ነው። ጾመ ነነዌ ጥር 25 ይገባል፤ ዐቢይ ጾም የካቲት 9። በመካከል የተረፉን እሑዶች አራት ብቻ ናቸው። ጥር 17ን ያዝን።

ከዚያ በኋላ ደብተሬን ከፈትሁ። እንግዳ 320። ከእነዚህ 64ቱ ዓባይን ተሻግረው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ የሚመጡ ናቸው። ደባርቅ ለተራራ ተጓዦች ድንኳን የሚያከራዩ ሰዎች አሉ፤ ከእነሱ ተከራየሁ። መጸዳጃ ጉድጓድ አስቆፈርሁ። (ይህን ማንም አያነሣውም እንጂ የሠርግ ግማሹ ጭንቀት እሱ ነው።) ከጎንደር የምግብ አዘጋጅ ተዋዋልሁ። 320 የጥሪ ወረቀት አሳተምሁ። እናቴ ደብተሩን አሻግረው እያዩ ‹‹ስንት ሰው ይመጣል ብለሽ ነው የምትጽፊው?›› አሉኝ። ነገርኋቸው። ‹‹የመጣው ይመጣል›› ብለው ጌሿቸውን ወደ መምረጥ ተመለሱ።

ወረቀቱን ለመንደሩም በተንሁ፤ ከየቤቱ ለቆጠርኋቸው ለአባወራዎቹ ብቻ። በደላችንን ያወቅሁት ሳምንት ካለፈ በኋላ ነው። ጌሾ ሊወቅጡ የሚመጡት ሴቶች አልመጡም። ብቅሉን የምታሰጣው ጎረቤታችን ሕመም አመካኘች። መንገድ ላይ ሰላምታው አጠረ። ለካ በእኛ ቀበሌ ለሠርግ በወረቀት አይጠራም። ወረቀት የደረሰው ሰው ‹‹እኔን ብቻ ነው፣ ቤተሰቤን አይደለም›› ብሎ ተረዳ፤ ያልደረሰው ደግሞ ‹‹አትምጣ ተብያለሁ›› አለ። የአባቴን የስድሳ ዓመት ጉርብትና በአንድ ማተሚያ ቤት ልበጥሰው ምንም አልቀረኝ።

አባቴ አልተቆጡኝም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ አንድ ሽማግሌ አስከትለው ቤት ለቤት ወጡ። አራት ቀን ፈጀባቸው። በመጨረሻው ቀን አብሬ ሄድሁ። በየደጃፉ ቆመው የሚሉት አንድ ነገር ነበር፤ ‹‹ልጄ ወረቀት በትናለች፤ እኔ ደግሞ አፌን ይዤ መጥቻለሁ።›› ባለቤቱ ይስቃል፤ ግቡ ይላል፤ ጠላ ይቀዳል። የዘለቅንበትን ቤት ብዛት አላውቀውም፤ የጠጣሁት ጠላ ግን እስከ ማታ ራሴን አዙሮኛል።

ሐሙስ ንጋት ላይ ዳሱን ለመሥራት መጥረቢያ ሲፈለግ፣ ከታች ከወንዙ በኩል እንጨት የተሸከሙ ሰዎች ሰልፍ መጣ። ባላ የያዘ አለ፣ ማገር የያዘ አለ፣ ሁለት ወንድማማቾች አንድ ረጅም አግዳሚ በትከሻቸው አድርገው መጡ። እያንዳንዱ በእንጨቱ ላይ በማጭድ ጫፍ ምልክት ጭሮበታል፤ ሠርጉ ሲያልፍ የሚመልሰው ነውና። ከአባቴ ዛፍ የተቆረጠው 18 ብቻ ነበር፤ ለጣሪያው ደግሞ ቅጠሉ ተመለመለ። እስከ ማታ ዳሱ ቆመ። የባሕር ዛፉ ሽታ ጉንፋን ያስለቅቅ ነበር።

በጓዳ በኩል ያየሁት ደግሞ የባሰ አስደነቀኝ። የአንዲት ሴት እንስራ ሲገባ እናቴ አይተው ‹‹እኔ ለልጇ ሠርግ ሁለት ወስጄ ነበር፣ አንዱ በመንገድ ላይ ነው›› ይላሉ፤ ከሰዓት ሁለተኛው ይመጣል። ማን ስንት መሶብ እንጀራ እንዳዋሰ፣ ማን በርበሬ እንደቀነጠሰ፣ በማን ክርስትና ላይ ማን እንዳልመጣ፣ ሁሉም በጭንቅላታቸው ውስጥ ተጽፏል። የእኔ ደብተር መደርደሪያው ላይ አቧራ ለበሰ።

የጎንደሩ ምግብ አዘጋጅ ሩዝ ሊቀቅል ሞክሮ ተሸነፈ። እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይንፈቀፈቃል እንጂ ቶሎ አያበስልም። የአገሬው ሴቶች ይህን በዲግሪ ሳይሆን በእንጨት ያውቁታል፤ ወጡን ከሌሊቱ ጀምረው ጥደውታል። ሰውየው በመጨረሻ ነጭ ልብሱን አውልቆ ሽንኩርት ሲልጥ ዋለ።

ቅዳሜ ማታ የአዲስ አበባ እንግዶች እሳቱን ከበው፣ አዝማሪው በየስማቸው ግጥም እየሰጣቸው፣ ወንድሜ እንደተመኘው ሆነ። እኩለ ሌሊት ላይ ውርጩ ወረደ። አንድ በአንድ ብርድ ልብሳቸውን እየጎተቱ ከድንኳኑ ወጡ። ጎረቤቶቻችን ይህን አስቀድመው አውቀው ኖሮ፣ በየቤታቸው መደብ ላይ አጎዛ አንጥፈው ጠብቀዋቸዋል። ጠዋት ድንኳኖቹ ነጭ ሆነው ባዶአቸውን ቆመው አየኋቸው፤ የኪራዩ ሒሳብ ሆዴን ቆረጠኝ።

እሑድ ስንት ሰው መጣ? ከዳሱ በር ከአጋፋሪው አጠገብ ቆሜ ቆጠርሁ። 700 ላይ ስደርስ አንድ አዛውንት ‹‹ሰው እንደ በግ አይቆጠርም›› ብለው ስለገሠጹኝ ተውሁት። በየተራ ገቡ፣ በሉ፣ ጠጡ፣ መረቁ። ምግቡ አልጎደለም። እማሆይ ከቄሶቹ አጠገብ ተቀምጠው፣ ሙሽሪት ጉልበታቸውን ስትስም ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው ረጅም ጊዜ አዩዋት። በቀጣዩ ዓመት ክረምት ዐረፉ።

ከዚያ ወዲህ አገራችን ብዙ አይታለች። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ እስከ ዳባት አካባቢ ደረሰ፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሣ። ታናሽ ወንድሜ ተምሮ ጨርሷል፤ ሽማግሌም ልኳል። ታላቁ ሲደውል የሚጠይቀው ስለ መንገዱ ነው። እናቴ ግን ጌሿቸውን አስቀምጠዋል።

ሠርጉ ባለፈ ማግስት ዳሱ ሲፈርስ እንጨቱ ሁሉ በምልክቱ ለየባለቤቱ ተመልሶ ነበር፤ ሁለት ሲቀር። ሁለቱ ላይ ያለው ምልክት አንድ ዓይነት ነው፤ ሦስት ጭረትና አንድ ሰያፍ። ዛሬ የበረቱን አጥር ደግፈው ቆመዋል። አባቴ አዲስ ሰው ወደ ቤት በመጣ ቁጥር እጁን ይዘው ወደዚያ ይወስዱና ‹‹ይህን ምልክት ታውቀዋለህ?›› ብለው ይጠይቁታል።