ሦስት አስተማሪ ያየ ደብተር

አሥራ አንደኛ ክፍል የተማርኩበት የፊዚክስ ደብተር እስካሁን ሣጥኔ ውስጥ አለ። ሽፋኑ ላይ የሦስት አስተማሪዎች ስም ተጽፏል፤ ሁለቱ ተሰርዘዋል። መስከረም የገቡት መምህር ታኅሣሥ ሳይደርስ ሄዱ። ተተኪው ከሁለት ወር በኋላ መጡና የኒውተንን ሕጎች እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩልን። ሦስተኛው ሲመጡም፣ ምን ልበላችሁ፣ ያው ኒውተን! ኤሌክትሪክ የሚለውን ምዕራፍ ሳናየው ዓመቱ አለቀ።

ሰሞኑን ስለ ምዘና ስንማር መምህራችን፣ «መለኪያው የሚለካው ሊለካ የታሰበውን ነው ወይ?» ብለው ሲጠይቁ ሐሳቤ ወደዚያ ደብተር ሄደ። በዚያ ዓመት ሪፖርት ላይ «የፊዚክስ መምህር አንድ፣ ጉድለት የለም» ተብሎ ቢጻፍ እኮ ውሸት አይሆንም!

የዩኒቨርሲቲም ጉዳይ ከዚህ የሚለይ አይመስለኝም። ነቀምቴ በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የወለጋ ዩኒቨርሲቲ አለላት፤ ጊምቢና ሻምቡም ካምፓሶች አሉት። ለመሆኑ ከአዲስ አበባ ርቆ የሚገኝ ተቋም የሰው ኃይል አያያዙ ዘለቄታ ያለው መሆኑ በምን ይለካል? ሃያ ሰው ቀጥሮ አሥራ ስምንቱ ቢለቁና አሥራ ስምንት ቢተኩ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ያው ሃያ ነው። እኔ ብጠየቅ፣ ከአምስት ዓመት በፊት ከተቀጠሩት ስንቱ ዛሬም እንደሚያስተምሩ፣ ለትምህርት ከተላኩትም ስንቱ እንደተመለሱ እቆጥር ነበር። ይልቁንም የለቀቀውን ሰው «ለምን?» ብሎ የጠየቀው አለ ወይ? የቤት ኪራዩ ይሁን ደመወዙ ሳይታወቅ ምትክ መፈለግ በሚያፈስ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው።

ስለ መቆየት ከተነሣ፣ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎሙት ኦነሲሞስ ነሲብ እ.ኤ.አ. በ1904 ወለጋ መጥተው፣ የተከለከሉበት ዘመን ሳይቀር፣ በ1931 እስኪያርፉ ነቀምቴ ቆይተዋል። አብረዋቸው የሠሩት አስቴር ጋኖም እዚሁ አስተምረዋል። እርግጥ የእነሱን ጽናት አንሥቶ ደመወዝ አልበቃኝ የሚለውን መምህር መውቀስ ደግ አይደለም።

ባለፈው እሁድ አባቴ ጋ ደወልኩ።

«ምደባህ ሩቅ ገጠር ቢሆንስ?» አለኝ።

«እሄዳለሁ፣ አባባ።»

«መሄዱንማ ትሄዳለህ። ትቆያለህ ወይ ነው የምልህ።»

ካርዴ ሊያልቅ ነው ብዬ ዘጋሁት። ካርድ ግን ነበረኝ።